መልሱ በነገው ዕትም

"ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ።" ሦስት ፊደል።

አባቴ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ በአንድ ጣቱ ቀስ እያለ ጻፈ፦ ጸ፣ ሀ፣ ይ። "ይ" ያረፈችበት ሳጥን አረንጓዴ ሆነ። ሁለቱ ግን ቀሉ። አጠፋና እንደገና ጻፈ፤ እንደገና ቀሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ጣቱ ጠንከር ጠንከር ይል ነበር፣ ስክሪኑ በደንብ ያልሰማው ይመስል። ከዚያ ታብሌቱን ሶፋው ላይ አስቀመጠና ማናችንንም ሳያይ "እኔ እንደሆን ድሮም ፊደል አልጨረስኩም" ብሎ ወደ በረንዳ ወጣ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መልሱን "ፀሐይ" ብዬ የመዘገብኩትም እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ የሠራሁት ለአባቴ የጡረታ ስጦታ እንዲሆን ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ቃል "ተሳስተሃል" አለው።

አባቴ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነበር። የተወለደው ገጠር ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ እነሱ አካባቢ ሲደርስ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ጎረምሳ ነበር። ፊደል የቆጠረው ያኔ፣ ማታ ማታ፣ ከእርሻ መልስ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት አልገባም። ያገኛትን የምስክር ወረቀት እማዬ እስከ ዛሬ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣታለች።

ከዚያ አዲስ አበባ መጣ፣ ረዳት ሆነ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሆነ። ማንበብ የሚወድ ሰው ነበር፤ ጋዜጣ በየቀኑ የሚገዛበት ገንዘብ ግን አልነበረውም። ደግነቱ ያኔ አራት ኪሎ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። ሳንቲም ትከፍላለህ፣ አጥሩ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ ታነባለህ፣ ትመልሳለህ። ሕጉ ግልጽ ነበር፦ አትቅደድ፣ አታጨማድድ፣ አትጻፍበት።

አትጻፍበት የሚለው ለአባቴ ችግር ነበር። ምክንያቱም ከጋዜጣው ሁሉ አብልጦ የሚወደው የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሹን ነው። እሱ "አግድም ቁልቁል" ነው የሚለው። ታዲያ ምን ያደርጋል? ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ይዞ ይሄዳል፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ይገለብጣል፣ ጥቁሮቹን በእርሳስ ያጠቁራል፣ ፍንጮቹን ከሥር ይጽፋል፣ ጋዜጣውን ንጹሕ አድርጎ ይመልሳል። ደብተሩን ጋቢና ውስጥ ያስገባና መንገዱን ይጀምራል። አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ። ጋላፊ ወረፋው ሲረዝም፣ ሙቀቱ ጋቢናውን ምድጃ ሲያደርገው፣ እሱ መሪው ላይ ደብተሩን አስደግፎ ይሞላል።

ልጅ ሆኜ እነዚያን ደብተሮች የነዳጅ ሒሳብ ይመስሉኝ ነበር።

እኔ ክሮስወርድ የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ በስልክ። አንድ ሰሞን ሱስ ሆኖብኝ ታሪኩን ሁሉ አነበብኩ። ጨዋታውን የፈጠረው አርተር ዊን የተባለ ከሊቨርፑል ወደ አሜሪካ የሄደ ጋዜጠኛ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 "ኒውዮርክ ወርልድ" በተባለ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ቅርጹም እንደ ካርኒ የተቀሰረ እንጂ እንደ ዛሬው አራት ማዕዘን አልነበረም። ይህን አውቃለሁ። ጨዋታውን አይቼ የማላውቀውን የቤዝቦል ተጫዋች ስም፣ ቀምሼ የማላውቀውን የብስኩት ዓይነት ሳላቅማማ እሞላለሁ።

አንድ እሁድ አባቴ ከጋዜጣው ቀና ብሎ "ሞፈርን ከቀንበር የሚያስር፣ ሦስት ፊደል፤ በል እስቲ ኢንጂነሩ" አለኝ። ገመድ አልኩት። ሳቀ። "ገመድማ ከተማ ነው ያለው። ምራን ነው።" የቃሉን ድምፅ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በአማርኛ አፌን ፈትቼ፣ በአማርኛ እያለምኩ፣ የማላውቀው አማርኛ አባቴ ኪስ ውስጥ እንደነበር ገባኝ። ፕሮግራሙን የመሥራቱ ሐሳብ የመጣልኝም ከዚያ ነው።

ሥራው ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ሆነ። እንግሊዝኛው 26 ፊደል ነው፤ ሁለት ቃል አንድ ሳጥን ላይ ሲገናኝ አንድ ፊደል ከተጋሩ በቃ፣ ተግባቡ። የእኛ 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋ እና ጓ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ "ሰላም" እና "ቡና" የተባሉ ሁለት ቃላት መቼም አይገናኙም። "ሰላም" ላይ ያለችው "ላ" ለማቋረጥ "ለ" ወይም "ሉ" ያለበት ቃል አይበቃም፣ ራሷ "ላ" መኖር አለባት። ተነባቢውም አናባቢውም እኩል መገጣጠም አለባቸው። ፕሮግራሜ እንደ አሜሪካኖቹ ሁሉም ሳጥን በአግድምም በቁልቁልም የሚነበብበትን ሰፊ ሰሌዳ ልሙላ ብሎ ሌሊቱን ሲፍጨረጨር አድሮ ባዶ እጁን መጣ። የጋዜጣው እንቆቅልሽ ለምን ጥቁር ሳጥን እንደሚበዛበት፣ ለምን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፊደል ቃላት እንደሚወድ ያኔ ተረዳሁ። አዘጋጁ ሰንፎ አይደለም፤ ፊደሉ ነው እንዲህ የሚያስገድደው።

በሌላ በኩል ፊደሉ የሚክሰው ነገር አለ። ስናጠብቅና ስናላላ አይጻፍም። "ገና" ብለህ ሁለት ሳጥን ትሞላለህ፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ያልደረሰው ነው። "አለ" ሲጠብቅ ይገኛል፣ ሲላላ ተናገረ። አንድ መልስ፣ ሁለት ፍንጭ። እንግሊዝኛው ለዚህ ዓይነት ተንኮል ብዙ መልፋት አለበት፤ ለእኛ በነጻ ነው።

ይህን ሁሉ አስቤ፣ ስለ "ፀሐይ" አላሰብኩም።

መዝገበ ቃላቱ "ፀሐይ" ይላል፣ እኔም እንዳለ ወሰድኩት። በአንደበታችን ግን ጸ እና ፀ አንድ ናቸው፣ ሀ፣ ሐ እና ኀም አንድ ናቸው፤ በዚያ ላይ "ሀ" እና "ሃ" እኩል ነው የሚነበቡት። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ፣ ለመካከለኛው 6። አንዲት ፀሐይ በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች፣ ፕሮግራሜ ግን አሥራ አንዱን ቀይ ያበራባቸዋል። በእርግጥ ልዩነቱ ከንቱ አይደለም። በግእዝ "ሠረቀ" ወጣ ነው፣ "ሰረቀ" ያው የምናውቀው ሌብነት። ይህን የሚጠነቅቁ ሰዎችን አከብራለሁ። ነገር ግን አባቴ ጥያቄውን መልሶ ነበር። ያልተጠየቀውን ፈተና ነው የወደቀው።

ማስተካከሉ አራት መስመር ኮድ ነበር። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ ተሰልፏል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሻገር የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ነው። ያኑ ዕለት ማታ ጨረስኩት።

"አባዬ፣ አስተካከልኩት። አሁን በፈለግከው ሀ መጻፍ ትችላለህ።"

"ጎሽ። ቆይ፣ ይደረስበታል።"

አልተደረሰበትም። ሳምንት አለፈ፣ ሦስት ሳምንት አለፈ። ታብሌቱ ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ጠጣ። የባሰው ደግሞ ጋዜጣውንም ተወ። እማዬ አንድ ቀን ቡና እየቆላች "አንተ ልጅ፣ አባትህን እኮ ፈተና ላይ አስቀመጥከው" አለችኝ።

ያኔ ሳልፈልግ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ ቀበሌም ባንክም ይዞኝ ሲሄድ ፎርም ሲሰጡት "መነጽሬን ረስቼ መጣሁ፣ ልጁ ይሙላልኝ" ይላል። እኔ እሞላለሁ። መነጽሩ ሁልጊዜ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ማንበብ አያቅተውም፤ የሚፈራው የሰው ዓይን እያየው መጻፍን ነው። በሕይወቱ ሙሉ ማንም ሳያርመው የሚጽፍበት አንድ ቦታ ነበረው፣ እሱም ያ ባለ ካሬ ደብተር ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ውስጥ አራሚ አስገባሁበት።

በሥራችን ስሕተት ወዲያው እንዲታይ ማድረግ እንደ ጽድቅ ነው የሚቆጠረው። ኮዱ ሲበላሽ ቴስቱ ይቀላል፣ ፎርሙ በትክክል ካልተሞላ ሳጥኑ ይቀላል። ያ ቀይ ቀለም ከስክሪኑ ወዲያ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቤ አላውቅም ነበር።

ደብተሮቹን ለማየት ፈቃድ ጠየቅኩት። "ምን ያደርጉልሃል?" አለኝ፣ ግን ከቁም ሳጥኑ ላይ ራሱ አወረዳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አንዳንዱ ገጽ ናፍጣ ነክቶታል፣ አንዳንዱ በላብ ተጨማድዷል። እያገላበጥኩ ሳለ አንድ ነገር ገረመኝ። ሐ የለም። ኀ የለም። ሠ፣ ዐ፣ ፀ የሉም። በአሥራ አንድ ደብተር ውስጥ አንድ ሀ፣ አንድ ሰ፣ አንድ አ፣ አንድ ጸ ብቻ። ለዚህ ነው አግድሙ ከቁልቁሉ ተጣልቶ የማያውቀው። እኔ በአራት መስመር ያደረግኩትን እሱ እኔ ሳልወለድ በእርሳስ ጨርሶታል።

ሌላም ነገር አየሁ። የትም ገጽ ላይ የእርማት ምልክት የለም።

"አባዬ፣ መልሱን ታየው ነበር?"

"በየት በኩል? መልሱ በነገው ዕትም ነው የሚወጣ። በነጋታው እኔ አዋሽን አልፌ የለ እንዴ?"

"ታዲያ ትክክል መሆንህን በምን ታውቃለህ?"

እንደ ሞኝ አየኝ። "ቁልቁሉ ይነግረኛላ። አግድሙ ከዋሸ ቁልቁሉ ያጋልጠዋል።"

"ካጋለጠውስ?"

"አጠፋለሁ። ላጲስ ለምንድን ነው ታዲያ?" ትንሽ ዝም አለና፣ "ያንተው ግን ገና እያሰብኩ ይናገራል። ሰው እያሰበ መሀል ላይ ተሳስተሃል አይባልም" አለኝ። አልተቆጣም። እንዲያውም ለእኔ ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

አባቴ ስንትና ስንት እንቆቅልሽ ሲፈታ መልሱን አይቶ አያውቅም። ልክ መሆኑን የሚያውቀው ቃላቱ እርስ በርስ ሲመሰካከሩለት ነው። የራሱ ጥርጣሬ፣ የራሱ ላጲስ፣ የራሱ ጊዜ። እኔ "እገዛ" ብዬ የሰጠሁት ነገር ይህን ሁሉ ነው የነጠቀው።

አሁን ፕሮግራሙ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ያዘጋጃል፣ ቢሮ አትመዋለሁ፣ አርብ ማታ ይዤለት እገባለሁ። ፍንጮቹን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀይ የለም፣ አረንጓዴ የለም፣ መልስም አልሰጠውም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ወረቀቱን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ስሄድ እንዳለ አገኘሁት። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ጥግ ተሞልቶ አየሁ፣ ምንም አላልኩም። ከዚያ ሌላ ጥግ። በቀደም ደግሞ ጋዜጣውን አስገዝቶ አገኘሁት።

ባለፈው እሁድ አንዱን ወረቀት ጨርሶ ሰጠኝ። ከአንዲት ሳጥን በቀር ሁሉም ሞልቷል። 12 አግድም ላይ "ቀንበርን ከበሬ አንገት የሚያስር፣ ሦስት ፊደል" ብዬ ጽፌ ነበር። መልሱን "ምራን" ብዬ መዝግቤያለሁ፤ ቃሉን ካወቅኩ ወዲህ የማስገባበት ቦታ ስፈልግ ነው የከረምኩት። አባቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች ከቁልቁሉ አግኝቶ "ምራ" ላይ ቆሟል። ሦስተኛዋን ባዶ ትቶ አጠገቧ በእርሳስ ትንሽዬ የጥያቄ ምልክት አድርጎባታል።

"ይሄን ምነው ተውከው?"

"ምራን እንድል ፈልገሃል መሰለኝ። ግን ምራን እኮ ሞፈርንና ቀንበርን ነው የሚያገናኝ። አንገት ላይ የሚሆነው ማነቆ ነው።" እርሳሱን ወደኔ ገፋ አደረገው። "ችግር የለም፤ ቀስ ብለህ እየው።"