ጤፉን የምንመርጠው እኛም ነን

ጎጃም በረንዳ ያደገ ልጅ ጤፍ መለየት የሚማረው በዓይኑ ነው። አጎቴ የእህል ነጋዴ ነበር። ከጭነት መኪና የወረደውን ጆንያ ፈታ አድርጎ አንድ እፍኝ ይዘግናል፣ እፍ ይለዋል፣ መዳፉ ላይ በተን አድርጎ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። ማኛ ከሆነ ዋጋው ይወደዳል፤ ነጩ ይከተላል፤ ሰርገኛው ዝቅ ይላል፤ ቀዩ መጨረሻ ነው። ይህን ተራ እንደ ፊደል ነው ያጠናሁት።

ዓይኔን የገለጡልኝ ከደጀን በኩል ጤፍ ይዘው የመጡ ገበሬ ናቸው። ሚዛን እስኪደርሳቸው ደጃፋችን ተቀምጠው ሳለ፣ «አባባ፣ ቀዩን ጤፍ ማምጣት ለምን ተዋችሁ?» አልኳቸው።

«እናንተ አትገዙንማ፣ ልጄ! ቀዩ ደከም ባለ መሬት ላይም አያሳፍርም ነበር። ግን የማይሸጠውን ማን ይዘራል?»

መልሳቸው ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ስለ ጤፍ ዘር ማንበብ ጀመርኩ። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅልም ሁለት ዝርያ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል ይመስል ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። መንገዱ የተከፈተው ያኔ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ምርቱ የሚበዛውን ዱከምን በጣም ነጭ ከሆነው ማኛ ጋር አዳቅሎ ቁንጮ የተባለውን ዝርያ አወጣ፤ የተለቀቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ገበሬው ከአንድ ማሳ ምርትም ንጣትም አገኘ።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ነገር ነው። ዱከምም ማኛም ከገበሬው ነባር ዘር ተመርጠው የወጡ ናቸው። ተመራማሪው ባሕርዩን ከባዶ አይፈጥረውም፤ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው ማሳ ወይም ጎተራ፣ ተጠብቆ መቆየት አለበት። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የታደገው ዘረ-መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ሲዘሩ የኖሩት ገበሬዎች ካሊፎርኒያ የሚባል አገር መኖሩን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ዘሩን ትተውት ቢሆን ኖሮስ?

አገራችን ለዚህ ደንታ ቢስ አልነበረችም። አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ የተቋቋመው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ በባንኩ ከ5,000 በላይ የጤፍ ናሙናዎች አሉ። ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር የዘንድሮውን ዝናብና የዘንድሮውን በሽታ አያውቅም፤ ከአየሩ ጋር አብሮ የሚለወጠው በየዓመቱ ሲዘራ ነው። ዶክተር መላኩም ዘሩ ከባንክ ባሻገር በገበሬው ማሳ እንዲጠበቅ አጥብቀው የሠሩት ለዚህ ነው።

ማሳው ላይ ምን እንደሚቆይ ግን ገበያው ይወስናል፤ ገበያው ደግሞ እኛ ነን። ነጭ ብቻ ስንጠይቅ ነጭ ብቻ ይዘራል፤ ነገ ድርቅ የሚችል ወይም በሽታ የማይደፍረው ዝርያ ሲያስፈልግ ተመራማሪው የሚያዳቅለው ያጣል። ስለዚህ እህል ልትሸምቱ መርካቶ ስትወጡ፣ ከማኛው ጎን ጥቂት ኪሎ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ አስመዝኑ። ነጋዴው የለም ካላችሁም ለሚቀጥለው እንዲያመጣላችሁ ንገሩት።