አሳማ ባንበላም የሚይዘን ጉንፋን



የአሳማ ጉንፋን ወሬ ሲነሳ ዶርማችን ውስጥ መልሳችን አንድ ነበር፦ «እኛ አሳማ አንበላ፣ ምን አገባን?» ሳቃችን የቆመው አስም ያለበት የዶርማችን ልጅ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ክሊኒክ ስንወስደው ነው። ከሦስት ቀን በፊት ሌላው ጓደኛችን ትኩሳትና ሳል ይዞት ነበር። እኛ ግን በአንድ ትሪ እየበላን፣ በአንድ ኩባያ እየጠጣን፣ ሶፍ ላይም ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እየሰገድን ነበር።

ሐኪሙ «ኢንፍሉዌንዛ ነው» አለን። «የአሳማው?» ስንለው፣ የ2009ኙ ቫይረስ ጠፍቶ እንዳልቀረና ዛሬ በየወቅቱ ከሚመላለሱት አንዱ እንደሆነ ነገረን።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርነው። የአሳማ መተንፈሻ አካል የወፍንም የሰውንም ጉንፋን ይቀበላል፤ ቫይረሶቹ እዚያ ተደባልቀው አዲስ ዓይነት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሜክሲኮና በአሜሪካ የታወቀው ኤች1ኤን1 እንዲህ የመጣ ነው። ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አሳማ አላስፈለገውም፤ ሳል፣ ማስነጠስና ያልታጠበ እጅ በቂው ነው። ግብፅ አንድም ታማሚ ሳይገኝባት 300,000 ገደማ አሳማዎች እንዲታረዱ አዘዘች። ቫይረሱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ከአሜሪካ ከመጣች ልጅ ጋር ገባ። አሳማ ሐራም የሆነብን በአላህ ትእዛዝ ነው፤ የጉንፋን ክትባት አድርገን መቁጠራችን የራሳችን ስህተት ነው።

ያስደነገጠን ደግሞ ያኔ በብዛት የተጠቁት አዛውንቶች ሳይሆኑ እንደኛ ያሉ ወጣቶች መሆናቸው ነው። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይድናል። አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም ግን ወደ ሳንባ ምች ሊያልፍ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆ ከተመለሰ ማደር የለም፣ ወደ ሐኪም ነው። (አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ የለመድን ሆይ፣ ቫይረስን አይገድልም!)

የታመመ ሰው ከጀመዓ ቢቀር ዑዝር አለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስነጥሱ ፊታቸውን ይሸፍኑ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል፤ ሶፍ ላይ የሚያስታውሰው ስንታችን ነን?

ጓደኛችን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከአራት ቀን በኋላ ተመለሰ። ቀድሞ የታመመው ልጅ እስካሁን ይቅርታ ይጠይቀዋል። «አላሰኘኝም» ብሎ ተኝቶ ሳለ «ካልበላህ አንበላም» እያልን ወደ ትሪው የጎተትነው ግን እኛ ነን።