አደይ አበባ ለገበያ ስታወርዱ

ጳጉሜን ስለደረሰ ዛሬ የስንዴውን ዋግ ትቼ ስለ አደይ አበባ ላውራ። «ሜዳው ሁሉ ቢጫ አይደል እንዴ፣ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዘርታችሁ አታበቅሉትም። ጣጣው የሚመጣው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

አምና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንዲት የቀበሌያችን እናት ሁለት ከረጢት ሙሉ አደይ ይዘው ደብረ ብርሃን ወረዱ። የልጆቻቸው ደብተር የሚገዛው በዚያ ነበር። አበባው በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ፀሐይና ንፋስ ሲመታው ነው የደረሰው። እኔም ለሥራ ከተማ ነበርኩና አየሁት፤ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። ገዢው አየት አድርጎ ያልፋል። ማታ ለበግ ሰጥተውት ተመለሱ። አንጀቴን በላኝ።

ደግነቱ ደመራ መስከረም 16 ነው፤ ጊዜ ነበረን። ለዋዜማው ገበያ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ቆረጥን። ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ይዘን ማሳው ድረስ ሄድን እንጂ አበባውን ቤት ድረስ በደረቁ አልተሸከምነውም። አበባ ከተቆረጠም በኋላ ውኃ ይጠጣል፤ የግንዱ ጫፍ ከደረቀ ግን መጠጫው ይዘጋል። ስለዚህ በተሳለ ቢላ ጫፉን ሰያፍ አድርጋችሁ እንደገና ቁረጡት። ውኃው ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አራግፉ፤ ቅጠል ከበሰበሰ ውኃው ይበላሻል፣ ግንዱም ይደፈናል። ከዚያ ጥላ ሥር ጥቂት ሰዓት ይጠጣ። ፈክቶ የከረመውን ተዉት፣ ገና የተከፈተውን ምረጡ።

አስተሳሰሩን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ኮሌጅ ይህን አላስተማሩንም። ረጃጅሙን መሀል፣ አጫጭሩን ዙሪያ አድርገው ጥቂት ቄጤማ ጣል ያደርጉበታል። ክሩን ወደ ግንዱ ታች ላላ አድርገው ነው የሚያስሩት። አንገቱ ላይ ከጠበቀ አበባው ይተሻሻል፣ ያምርም አይመስል።

ጉዞው ደግሞ ከነጀሪካኑ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ እግራቸው ሥር ነበር። ለቦታው ተጨማሪ ከፍለዋል፣ ግን አዋጣቸው። ከበሰለ ሙዝ አጠገብ እንዳያስቀምጡትም ነግሬያቸው ነበር፤ የበሰለ ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ብዙ አበባ ቶሎ ያረግፋል። ገበያው ላይ አንዱን እቅፍ በእጃቸው ይዘው ሌላውን ውኃው ውስጥ አቁመው ሸጡ። ስንት እንዳገኙ አልጠየቅኳቸውም፣ የሰው ኪስ ነው። ከሰዓት በፊት ሲመለሱ ግን ጀሪካኑ ባዶ ነበር፣ ደብተሩም በፌስታል ተንጠልጥሏል።

ቀፎ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ሜዳውን ሙልጭ አድርጋችሁ አትጨዱት፤ ንቦቻችሁም ከዚሁ አደይ ነው የሚቀስሙት። ጀሪካኑን ከአሁኑ በሳሙና እጠቡ። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ግን ቢታጠብም አትጠቀሙበት፤ አበባውን ልጆች ናቸው የሚያቅፉት።