ፎቶው ያልመለሰው ጥያቄ

ፎቶው የተገኘው ከሴት አያቱ ሳጥን ሥር፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ነው። ቤተሰቡ ስለ ወንድ አያቱ የሚያውቀው «ክቡር ዘበኛ ነበሩ» የሚለውን ብቻ ነበር።

የልጅ ልጁ ፎቶውን በስልኩ አንስቶ አጎላው። ትከሻቸው ላይ ክብ ምልክት አለ፤ ውስጡ ጫፍ ለጫፍ የተነካኩ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች። የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር አርማ ነው። ክቡር ዘበኛ ይህን አርማ ያደረገው ኮሪያ ላይ ነው፤ የቃኘው ሻለቃ የተመደበው በዚሁ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበርና።

ግን የትኛው ቃኘው? ሻለቆቹ በየዓመቱ እየተተካኩ ነው የዘመቱት። ፎቶው ይህን አይመልስም። ልጁ ዘጠና ወዳለፋቸው አያቱ ሄደ።

«እማማ፣ ሲዘምቱ እናቴ ተወልዳ ነበር?»

«ሰማንያዋ አልደረሰም። ሁዳዴውም ገና አልተፈታም ነበር።»

እናቱ የ1943 ልጅ ናት። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የተመራው አንደኛ ቃኘው አዲስ አበባን የለቀቀው በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ነው።

«ታዲያ ለምን ደበቁት?»

«ጊዜው ነዋ ልጄ።»

ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ሰሜንን ወግቶ መመለስ የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚያስፈራ ታሪክ ሆነ። ሚስት ፎቶውን ጠቀለለች፤ ልጆቿም ሳይጠይቁ አደጉ።

አርማውን ከሃምሳ ዓመት በኋላም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሁዳዴው አለመፈታቱን የሚያስታውሱት ግን እኚህ እናት ብቻ ናቸው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ፣ ባለቤቶቹን ዛሬውኑ ጠይቋቸው።