ነጭ አዝሙድ ከእራት በኋላ

እዚህ ዱባይ አብራኝ የምትኖረው ህንዳዊት ጓደኛዬ ከበድ ያለ እራት ከበላች በኋላ የማትተወው ነገር አላት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ አጅዋይን መዳፏ ላይ ታፈሳለች፣ ጨው ነስነስ ታደርግበታለች፣ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ወደ አፏ ታደርገዋለች። ሽታው ቤቱን ሲያውደው ወዲያው አወቅኩት፤ እናቴ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የምትጨምረው የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው!

በህንዶች ጥንታዊ ሕክምና፣ በአዩርቬዳ፣ ምግብን የሚፈጨው የሆድ እሳት ነው ተብሎ ይታመናል፤ «አግኒ» ይሉታል። ነጭ አዝሙድ ይህን እሳት ያነቃቃሉ ከሚባሉት ቅመሞች አንዱ ነው። ያ ኃይለኛ ጠረኑ የሚመጣው ቲሞል ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ጦስኝ ውስጥም ይገኛል።

እኔ አፍልቼ ሞቅ እንዳለ ፉት ማለቱን እመርጣለሁ። ሆዴን ሲነፋኝ በእውነት ቀለል ያደርግልኛል። ቃር ሲይዘኝ ግን አልነካውም፣ ያባብስብኛል።

እባካችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ሐኪም ሳታማክሩ እንደ መድኃኒት አትውሰዱት። የሆድ ሕመሙ ከሰነበተ ወይም ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ደግሞ ቅመም ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ቶሎ ታከሙ።