ምድሪቱን እዩ፦ ቤት ፍለጋ በደብረ ማርቆስ

በዚህ ጽሑፍ ወደ ጎጃም ደጋ አብረን እንድንጓዝ እጋብዛችኋለሁ። የምንሄደው ግን ተራራና ወንዝ ለማየት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበትን ቤት ለማየት ነው። ለመጋባት ያሰባችሁ ወጣቶች፣ በኪራይ ቤት ልጆች የምታሳድጉ ባለ ትዳሮች፣ ይህ መንገድ ለእናንተ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍቼን አልፋችሁ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ምድር ከፊታችሁ ይከፈታል። መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ይህን ቁልቁለትና ዳገት በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን። ከደጀን በኋላ ሜዳው ይዘረጋል፤ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ በየጓሮው የቆመ ባሕር ዛፍ ታያላችሁ። በደርግ ዘመን በአምራች ገበሬዎች ማኅበርዋ ስሟ የገነነውን የትኖራን ታልፋላችሁ። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ መንገደኛ “የት ትኖራለህ?” ተብሎ የተጠየቀ ይመስለዋል። ከዚያ ሉማሜ፣ ቀጥሎም ደብረ ማርቆስ ትደርሳላችሁ።

ዜናው ስለ ማን ነው የሚናገረው?

ባለፉት ዓመታት ስለ ኑሮና ስለ ቤት ያልሰማነው የለም። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ መድረሱ ተነገረ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የብርም ዋጋ ወረደ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ዜጎች በኢትዮጵያ የቤት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። ይህ ሁሉ እውነተኛ ወሬ ነው።

ነገር ግን ዜናው የሚናገረው ወይ ስለ አገሪቱ አማካይ ነው፣ ወይም ስለ አዲስ አበባ ነው። አማካይ ምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በምሥራቅ ጎጃም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ፤ በዚያው ዞን የአባይ በረሃ አለ። የሁለቱን ቦታ ሙቀት ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉት ለአንዱም ነዋሪ የሚሆን ልብስ አታገኙም። አንዱ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው በሙቀት ይታፈናል። የቤት ዋጋም እንዲሁ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በቅድመ ጋብቻ ትምህርት ላይ “የቤቱን ነገር ስንሰማ ሠርጉን ለሁለት ዓመት አራዘምነው” የሚሉ ጥንዶች ያጋጥሙናል። “እሱ እዚህ ይቆይ፣ እኔ ዐረብ አገር ሄጄ የቤት መሥሪያ ላምጣ” ያለች እኅትም አለች። እነዚህ ሰዎች ትልቅ ውሳኔ የሚወስኑት ሊኖሩበት ያላሰቡትን ከተማ ወሬ ሰምተው ነው።

ሙሴ ሰዎችን ወደ ከነዓን ሲልክ እንዲያዩት የነገራቸውን በዘኍልቁ 13 አንብቡ። “ምድሪቱ እንዴት ናት?” ብሎ ብቻ አልተዋቸውም። በውስጥዋ ስለሚኖሩት ሰዎች፣ ስለ ዛፍዋ፣ ከተሞችዋ ድንኳን ወይም ቅጥር ስለ መሆናቸው እንዲመለከቱ አዘዛቸው። ቤት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የጥያቄ ዝርዝር አላውቅም። እስቲ በእነዚሁ ጥያቄዎች ደብረ ማርቆስን እንመልከታት።

በውስጥዋ የሚኖሩት እነማን ናቸው?

ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ቆረቆሯት፤ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ አሁን ባለው ስሟ ሰየሟት። ለብዙ ዘመን የጎጃም ዋና ከተማ ስለነበረች ሹሙና ጸሐፊው፣ ወታደሩና ነጋዴው ይኖሩባት ነበር። በኋላ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ሲሆን ደብረ ማርቆስ የዞን ከተማ ሆነች። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ጀመረ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የዚህችን ከተማ ቤት ፈላጊ ያበዛውም ያሳነሰውም የዶላር ምንዛሪ ብቻ አልነበረም። አንድ መሥሪያ ቤት ሲሄድ፣ አንድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው።

በተጨማሪም ከገጠር የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ። ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት በትከሻቸው ያመጣሉ። ስለዚህ በመስከረም ቤት መፈለግና በሐምሌ መፈለግ አንድ አይደለም። የምትጠይቁት ክፍል አምና ማን ይኖርበት እንደነበረ፣ ለምን እንደለቀቀ ማወቅ ከጋዜጣ ርዕስ የበለጠ ይነግራችኋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የደረሰው ግጭትም አለ። ጸጥታ ሲደፈርስ አንዱ ከገጠር ወደ ከተማ ይገባል፣ ሌላው ከከተማ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በአንድ ሰፈር ባዶ ቤት፣ በሌላው ሰፈር አንድ ክፍል ለሰባት ሰው ሊሆን ይችላል። ይህንን ከሩቅ ሆኖ የሚያውቅ ዜና የለም።

ዛፍ አለባት ወይስ የላትም?

ይህ ጥያቄ ለጎጃም የተጠየቀ ይመስላል። እዚህ የብዙ ሰው ቤት የባሕር ዛፍ ምሰሶና ማገር፣ በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ ነው። እንጨቱ፣ ጭዱና ጭቃው የአካባቢው ነው፤ ዋጋው በአዝመራውና በባሕር ዛፍ ነጋዴው ይወሰናል። ቆርቆሮው፣ ምስማሩ፣ ብረቱና ሲሚንቶው ግን በአብዛኛው ያንን በልባችሁ የያዛችሁትን ቁልቁለትና ዳገት አልፎ ይመጣል። የሙገር፣ የደርባና የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሁሉ ከአባይ ወዲያ በሸዋ ናቸው። መንገዱ ሰላም ሲሆን የነዳጁ ዋጋ ይጨመርበታል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብ ያለውም አያገኘው።

ስለዚህ “የግንባታ ዋጋ ጨመረ” የሚል ዜና ስትሰሙ “የየትኛው ቤት?” ብላችሁ ጠይቁ። ለብሎኬት ቤት ዜናው እውነት ነው፤ እንዲያውም በዚህ አካባቢ ከተባለውም ሊብስ ይችላል። በደንብ ለተመረገ የጭቃ ቤት ግን ጭማሪው ሌላ ነው። የጭቃ ቤት ደግሞ የሚያሳፍር ቤት አይደለም፤ መሠረቱ ከፍ ብሎ በድንጋይ ከተሠራ፣ ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ በየዓመቱ ከተለሰነ ልጆች አድገውበት ይወጣሉ።

ድንኳን ናት ወይስ ቅጥር?

ይህ ጥያቄ ስለ ጽናት ነው። በከተማዋ የምታዩአቸው ቤቶች በመልክ ቢመሳሰሉም በወረቀት አይመሳሰሉም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በቀበሌ የሚተዳደሩ ቤቶች አሉ። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዙ ነባር ይዞታዎች አሉ። በሊዝ የተያዙ ቦታዎች አሉ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። በከተማው ዳር ደግሞ ከገበሬ በስውር የተገዛ መሬት አለ።

ይህ የመጨረሻው “ርካሽ ነው” ተብሎ የሚቀርብላችሁ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፤ የገበሬው የእርሻ መሬትም እንዲሁ። ሽያጩን የብድር ወይም የስጦታ ውል አስመስለው የሚጽፉ አሉ፤ ውሉ ግን ካርታ አይሆንም። አንድ ቀን ቤቱ ሲፈርስ ካሣ የሚጠይቅበት ሕጋዊ ይዞታ የለውም። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ቤቶች ዋጋቸው በግማሽ የሚለያየው አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ነው። ወረቀቱን ሳታዩ “ጌታ በር ከፈተልን” አትበሉ።

ነቢዩ ኤርምያስን አስታውሱ። በምዕራፍ 32 እንደምናነበው፣ ከተማዋ በጠላት ተከብባ ሳለ በዓናቶት መሬት ገዛ። ዋጋውን፣ አሥራ ሰባት ሰቅል ብር፣ መዝኖ ከፈለ፤ ውሉን በምስክሮች ፊት ጻፈ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ቅጂ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። እምነቱ ወረቀቱን አላስናቀውም። በክፉ ዘመን ተስፋ ማድረግና ውልን በሥርዓት መያዝ አብረው ይሄዳሉ።

ለተከራይም ቢሆን እንዲሁ ነው። የ2016ቱ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ ክልሉ በሚሰጠው ውሳኔ ስለሚወሰን በከተማችሁ ያለውን አሠራር ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አዋጁ ቢደርስላችሁም ባይደርስላችሁም የጽሑፍ ውል ያዙ።

ሦስት ቅዳሜ

ሠርጋቸውን ካራዘሙት ጥንዶች መካከል አንዱ መምህር፣ እጮኛው የጤና ባለሙያ ናት። ከመወሰናቸው በፊት ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእግራቸው እንዲዞሩ መከርናቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ በዩኒቨርሲቲው አቅጣጫ አዲስ የብሎኬት ቤት አዩ፤ ኪራዩ ከሁለቱ ደመወዝ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። በሁለተኛው ቅዳሜ ከድሮዎቹ ሰፈሮች በአንዱ አንድ ክፍል አገኙ፤ ዋጋው ደህና ነበር፣ ነገር ግን ግቢው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ የመብራት ቆጣሪውም ለአምስት አባወራ አንድ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የገቡባቸው አንዲት እናት ዘንድ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አገኙ፤ ቆጣሪው ለብቻው ነው፤ ኪራዩም ከሁለቱ ደመወዝ ሲሶ አይሞላም።

እናትየዋ የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው። “ልጆቼ፣ እናንተ ጸሎት ታበዛላችሁ ይላሉ፤ ሌሊት ትጮኻላችሁ?” ብለው ጠየቁ። ወጣቱም “እማማ፣ ሌሊት እንተኛለን፤ ጠዋት በቀስታ እንጸልያለን” አላቸው። “እንግዲያው በሩንም በቀስታ መዝጋት ልመዱ” አሉና ቁልፉን ሰጡ። በጥር ተጋቡ።

ሁሉም ነገር ግን እንደ ተመኙት አልሆነም። የራሳቸውን ቤት ለመሥራት ሲያሰሉ የሲሚንቶና የብረቱ ዋጋ በዜና ከሰሙት ብሶ አገኙት። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው እንዳስተማረው (ሉቃስ 14፥28) ተቀምጠው ቆጠሩ፤ ሥራውን ለጊዜው ትተው መቆጠብ ጀመሩ። ለኪራዩ ዜናው አጋንኖባቸው ነበር፤ ለግንባታው ደግሞ አሳንሶባቸው ነበር። በእግራቸው ባይሄዱ ሁለቱንም አያውቁም ነበር።

ከደብረ ማርቆስ ወጥታችሁ ወደ አማኑኤልና ወደ ደምበጫ ብትሄዱ ነገሩ እንደገና ይለወጣል፤ ወደ ጮቄ ግርጌ ብትወጡም ሌላ ነው። በአንዱ ከተማ የተማራችሁትን በሌላው እንደገና ጠይቁ። ደላላ ሁለት ቤት ያሳያችኋል፤ የእድር እናቶች ግን በአንድ ቡና ላይ የሰፈሩን ሁሉ ይነግሯችኋል፤ ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በክረምት የቱ ግቢ ጎርፍ እንደሚገባው፣ የትኛው ቤት በፍርድ ቤት ክርክር እንዳለበት ያውቃሉ። ቡናቸውን የምትጠጡት ግን ወሬ ለመልቀም ብቻ አይሁን፤ ነገ ጎረቤቶቻችሁ ናቸውና።

ለባለ ትዳሮችና ለእጮኛሞች የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስለ ቤት ከምንፈራው ነገር ውስጥ በዓይናችን ያየነው የቱ ነው? የሰማነውስ የቱ ነው?
2. ልንኖርበት ባሰብንበት ሰፈር ስንት ቤት ገብተን አይተናል? በየትኛው ወር?
3. የቤቱን ወረቀት ማን አነበበው? የሽያጭ ውሉስ ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይፈጸማል?
4. ለቤት ብለን ለመለያየት ከማሰባችን በፊት፣ አብረን ልንኖርበት የምንችለው ትንሹ ቤት ምን ዓይነት ነው?

በአንድ ጭቃ ቤት ውስጥ በፍቅር የሚኖሩ ባልና ሚስትን፣ ለትልቅ ቤት ሲሉ በሁለት አገር ከሚኖሩት ጋር አስተያዩ። ከዚያም ጫማችሁን አድርጉና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውጡ። ጌታ ደጃችሁን ይባርክ።