ምስክሩ ይጠየቅ

በሰው ላይ ከሚደርሱት መከራዎች ሁሉ በሐሰት እንደ መከሰስ ብቻውን የሚያስቀር የለም። የታመመ ሰው ጠያቂ አለው፤ ያዘነም አጽናኝ ያገኛል፤ በሐሰት የተከሰሰውን ግን ጠያቂውም አጽናኙም ይሸሹታል። ይህም መከራ በትንሽ ከተማና በገጠር መንደር ይብሳል። በታላቅ ከተማ ስሙ የጠፋ ሰው ሰፈር ለውጦ ሊኖር ይችላል፤ በትንሽ ከተማ ግን ገበያው አንድ፥ ወንዙ አንድ፥ ደብሩም አንድ ስለ ሆነ መሸሸጊያ የለውም።

ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚጽፉ ደራስያን ይህን ጉዳይ ደጋግመው ማንሣታቸው ስለዚህ ነው። አንባቢው የተከሳሹን ንጽሕና ያውቃል፥ መንደሩ ግን አያውቅም፤ እውነቱ ከፍርዱ በፊት ይደርስ ይሆን እያለ በጭንቀት ገጹን ይገልጣል። ከእንዲህ ያሉት ታሪኮች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ በቤታችን ይገኛል፤ እርሱም የሶስና ታሪክ ነው። ሁለት ሽማግሎች፥ ያውም ፈራጆች፥ ሶስና ለፈቃዳቸው እንቢ ብትላቸው ከጐልማሳ ጋር በዛፍ ሥር አገኘናት ብለው መሰከሩባት፤ ሕዝቡም አምኖ ሞት ፈረደባት። ወጣቱ ዳንኤል ግን ተከሳሽዋን አልመረመረም። ምስክሮቹን ለያይቶ፥ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት እያንዳንዳቸውን ጠየቀ፤ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠሩ። አንዲት ጥያቄ አንዲትን ነፍስ አዳነች።

ሐርፐር ሊ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የተባለው ልብ ወለድም ተመሳሳይ ነገር ይተርካል። በአንዲት ትንሽ የአላባማ ከተማ አንድ ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ደፈረ ተብሎ ይከሰሳል። ጠበቃው ምስክሮቹን በጥያቄ ያፋጥጣቸዋል፤ ሴቲቱ የተመታችው በፊትዋ ቀኝ በኩል መሆኑን፥ ይህም የግራኝ እጅ ምት እንደሚመስል፥ የተከሳሹ ግራ እጅ ግን ሽባ መሆኑን ለሁሉ ያሳያል። ይሁን እንጂ ፈራጆቹ ጥፋተኛ ነው አሉ። በሶስና ዘመን ሕዝቡ መልሱን ሰማ፤ በዚያች ከተማ ግን ጆሮ ታጣ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር መስሎ እንዳይታየን ወደ ጎንደር እንመለስ። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ሸክላ የሚሠሩ፥ ብረት የሚቀጠቅጡ ወገኖቻችን፥ ይልቁንም ቤተ እስራኤል፥ ለብዙ ትውልድ «ቡዳ» የሚባል ክስ ተሸክመው ኖረዋል። ርስት የተነፈጋቸው እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሥራ አደሩ፤ ገበሬው ማረሻውን ከእነርሱ፥ ባልቴቲቱም ምጣድዋን ከእነርሱ እየገዛች፥ ሌሊት ጅብ ሆነው ሰው ይበላሉ ተባሉ። ከጎንደር በስተ ሰሜን ያለችው ወለቃ ሸክላዋ በሰፊው ሲታወቅ፥ የሠሪዎቹ ስም ግን በፍርሃት ይጠራ ነበር። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ክሱ ግን ከእነርሱ ጋር አልሄደም።

በልጅነታችን በወገራ ደጋ ያየነውን እንናገር። አንድ ጐረምሳ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በትኩሳት እየነደደ ተመለሰ። ኋላም ጢስ አጥነው «ማን በላህ?» እያሉ ያፋጥጡት ጀመር፤ እርሱም እየቃዠ የአንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ስም ጠራ። እኚያ እናት ቅዳሜ እንስራ ሊሸጡ በደጁ አልፈው ነበርና ነገሩ ተረጋገጠ ተባለ። እናታችን ግን የታማሚውን እናት «እኅቴ፥ ልጅሽን ትኩሳቱ የያዘው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «ሐሙስ ማታ፥ ገና ከመንገድ ሲገባ» አለች። «እንስራ ሻጭዋስ?» «ቅዳሜ።» ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ቡዳ እኮ ከሩቅም ይበላል» አሉ፤ ሁሉም እውነት ነው አለ።

ጐረምሳው ጤና ጣቢያ ተወስዶ የወባ መድኃኒት ወሰደና ዳነ። ነገር ግን ወደ ሸክላ ሠሪዋ ደጅ ሄዶ «ተሳስተናል» ያላቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እንስራቸው በገበያ ፀሐይ እየመታው ይውል ጀመር፤ ለፋሲካ ቤታቸው ተዘግቶ አገኘነው።

በዚህ ነገር ውስጥ ያለውን አደጋ አስተውሉ። የጐረምሳው ቃል የቅዠት ቃል ነው፤ ቢሆንም እንደ ምስክርነት ተቆጠረ። ቀድሞ በአገራችን «ሌባ ሻይ» የሚባል ልማድ ነበር፤ አንድ ትንሽ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ፥ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቅና ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ልማዱ ኋላ በሕግ ተከለከለ። አእምሮውን የሳተ ልጅ ሌባ ማውጣቱ ከቀረ፥ አእምሮውን የሳተ ሕመምተኛ ጎረቤቱን ማስፈረዱ ስለ ምን ይቀጥላል?

ኦሪት ዘዳግም ነገር በሁለትና በሦስት ምስክር እንዲጸና፥ ፈራጆችም ምስክሩን አጥብቀው እንዲመረምሩ፥ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘም በወንድሙ ላይ ያሰበው በራሱ ላይ እንዲደርስ ያዝዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ይደነግጋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሐሜት ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ቡና ሲጠጣ ይፈረዳል፤ ይግባኝም የለውም።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን ሆይ፥ ዳኛ በሌለበት ዳኛው ቤተ ሰቡ ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላሉ። በቤታችን የሰው ስም በክፉ ሲነሣ፥ ከመነቀፍ በፊት «ማን አየ? መቼ? የት?» ብለን እንጠይቅ። ልጆቻችንም ስንጠይቅ ይስሙን። የእናታችን ጥያቄ በዚያ ቀን ሸክላ ሠሪዋን አላዳነም፤ አንድ ሰው ብቻውን ስለ ጠየቀ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ቤት አብሮ ቢጠይቅ ኖሮ እንስራው ይሸጥ፥ ደጁም ክፍት ይሆን ነበር።